በኪራይ መኪና ዲትሮይትን ሲዞሯት

«ዲትሮይት ውስጥ ቤት በ500 ዶላር ይሸጣል» የሚለው ወሬ፣ አሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ቡና በተፈላበትና ታክሲ በተሰለፈበት ቦታ ሁሉ ሲናፈስ ዓመታት አልፈዋል። ወሬው ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ዲትሮይት የምትገኝበት የዌይን ካውንቲ መስተዳድር ግብር ያልተከፈለባቸውን ቤቶች ለሐራጅ ሲያወጣ፣ በመጀመሪያው ዙር ገዢ ያጡት በሁለተኛው ዙር ለዓመታት በ500 ዶላር መነሻ ዋጋ ይቀርቡ ነበር። ገንዘቡ በዋሽንግተን ወይም በሲያትል የአንድ ወር የቤት ኪራይ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «እስቲ አንዱን ብንይዝስ?» የሚል ሰው ቢበዛ አይፈረድበትም።

ይሁንና ቤቱን ከመመኘት በፊት ከተማዋን ማየት ይቀድማል። ዲትሮይትን ለማየት ደግሞ ከመኪና ሌላ መንገድ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የከተማዋ ስፋት 139 ስኩዌር ማይል ነው። ማንሃታን፣ ቦስተንና ሳንፍራንሲስኮ ሦስቱም በውስጧ ተጠጋግተው ቢቀመጡ ቦታ ይተርፋል። በ1950 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 1,849,568 ሕዝብ ነበራት። በ2020 ቆጠራ የተገኘው 639,111 ነው። ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል ሄዷል ማለት ነው፤ መሬቱ ግን አልተጨማደደም። ለ1.8 ሚሊዮን ሰው የተዘረጋው ጎዳና፣ የውሃ ቧንቧና የመብራት ምሰሶ ለስድስት መቶ ሺህ ሰው ቀረ። በእግር ወይም በአውቶቡስ ልየው የሚል እንግዳ ሁለት ሰፈር አይቶ ይደክመዋል።

አብዛኛው እንግዳ መኪና የሚከራየው ሮሙለስ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ እስከ መሐል ዲትሮይት 20 ማይል ያህል ነው። ስለ ኪራዩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ታክሲ ነድቶ ልጆቹን ያሳደገ ወገን፣ መኪና ሲረከብ ዙሪያውን እየዞረ ጭረቱን ፎቶግራፍ ማንሳት እንዳለበት ነጋሪ አይሻም። ሁለት ነገር ግን ይጠይቅ። አንደኛ፣ የራሱ ኢንሹራንስ የኪራይ መኪናንም ይሸፍን እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ውሉ መኪናው ወደ ካናዳ እንዲሻገር ይፈቅድ እንደሆነ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ካናዳ የመሄድ ሐሳብ ጨርሶ ለሌለውም ሰው ነው። ምክንያቱ ወረድ ብሎ ይነገራል።

በኢንተርስቴት 94 ወደ ከተማው ሲነዱ ከመንገዱ ዳር 80 ጫማ ከፍታ ያለው የመኪና ጎማ ቆሞ ይታያል። ጎማው በ1964 እና በ1965 ኒውዮርክ ላይ በተካሄደው የዓለም ትርዒት፣ ልጅና አዋቂ ተሳፍሮ የሚሽከረከርበት መጫወቻ ነበር። ትርዒቱ ሲያበቃ ዩኒሮያል የተባለው የጎማ ኩባንያ ወደዚህ አምጥቶ ተከለው። አሁን አይሽከረከርም። መንገዱን ለለመደ ሾፌር ግን «ደረስን» ማለት ነው።

ጥቂት አለፍ ሲሉ ዲርቦርን ትመጣለች። በሩዥ ወንዝ ዳር የተዘረጋው የፎርድ ፋብሪካ እዚህ ነው። ግንባታው በ1917 ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። በአንድ በኩል የብረት ማዕድንና የድንጋይ ከሰል በመርከብ ይገባል፣ በሌላው በኩል ያለቀ መኪና ይወጣ ነበር። በ1930ዎቹ በአንድ ቅጥር ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። ዛሬም ፒክአፕ መኪና ይሠራበታል፤ የሰው ቁጥር ግን ከያኔው ጋር አይወዳደርም። በማርች 1932 ሥራ ያጡ ሠራተኞች እስከ በራፉ ተሰልፈው ሥራና ዳቦ ሲጠይቁ ጥይት ተተኮሰባቸው። አራቱ ወዲያው ሞቱ፣ አምስተኛው ቆይቶ ሞተ።

በዚሁ አካባቢ፣ ከጎማው በታች ከ1,000 ጫማ በላይ ጥልቀት ላይ፣ የጨው ማዕድን አለ። ከ1910 ገደማ ጀምሮ ሲቆፈር ኖሯል። ክረምት ሲሆን ያው ጨው በየጎዳናው ይበተናል፣ በረዶውን ያቀልጣል፣ የመኪናውንም ብረት ይበላል። አሞሌ ሲቆረጥና በግመል ሲጫን አይቶ ላደገ ሰው፣ ጨው እንዲህ በገፍ መንገድ ላይ ሲደፋ ማየት ይገርመዋል።

አሁን ወደ ካናዳው ጉዳይ። ዲትሮይት ከካናዳዋ ዊንዘር የምትለየው በአንድ ወንዝ ብቻ ነው። በ1929 የተከፈተው አምባሳደር ድልድይ የሚያዘው ኢንተርስቴት 75 እና ኢንተርስቴት 96 በሚገናኙበት አካባቢ ነው፤ በ1930 የተከፈተው ዋሻ ደግሞ መሐል ከተማ ጄፈርሰን ጎዳና አጠገብ ይጀምራል። በተሳሳተ መሥመር ወደ ድልድዩ የወጣ መኪና መመለሻ የለውም። በጉምሩክና በኢሚግሬሽን ሹማምንት ፊት ሳይቀርብ አይወጣም። የከተማዋ የምክር ቤት እንደራሴ ራሺዳ ትሌብ በማርች 2025 እንዳስታወቁት፣ ከዚያ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በነበሩት ጥቂት ወራት ከ200 በላይ ሰዎች በዚህ ድልድይ ተይዘዋል። አብዛኞቹም መንገድ ተሳስተው የገቡ ነበሩ። ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ላለ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ለሚታይለት ወገን ይህ ቀልድ አይደለም። ስልኩ ላይ ያለው መንገድ ጠቋሚ ድምፅ የሚያስበው ስለ ደቂቃ ነው፤ ስለ ቪዛ አያስብም። «ብሪጅ ቱ ካናዳ» የሚል ሰሌዳ የታየ እንደሆነ መሥመር መቀየር ወዲያው ነው፤ ካለፈም በመጀመሪያው መውጫ መውረድና በከተማው ጎዳና መዞር ይሻላል። አሥር ደቂቃ ቢጠፋ ምንም አይደለም።

ከድልድዩ ብዙ ሳይርቅ፣ ኮርክታውን በተባለው ሰፈር፣ ሚሺገን ሴንትራል የባቡር ጣቢያ ብቻውን ገዝፎ ይታያል። በ1913 ተከፈተ፤ የመጨረሻው ባቡር በጃንዋሪ 1988 ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት መስኮቱ ተሰባብሮ፣ መዳቡና እብነ በረዱ ተዘርፎ፣ ዝናብ እየገባበት ቆመ። የዲትሮይትን ውድቀት መጻፍ የፈለገ ጋዜጠኛ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው እዚህ ነበር። ፎርድ በ2018 ገዛውና በጁን 2024 ታድሶ ተከፈተ። ውስጡ የሚያምር ነው፤ መግባትም ይቻላል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲቆም ልቡ ወደ ሌላ ጣቢያ መሄዱ አይቀርም። ድሬዳዋን የወለዳት በ1902 የደረሰው ምድር ባቡር ነው፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመጣ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። አንድ ነገር የወለዳት ከተማ፣ ያ ነገር ቦታውን ሲቀይር ምን እንደሚሰማት ለማስረዳት ድሬ ላደገ ሰው ብዙ ቃል አያስፈልግም። ልዩነቱ፣ ሚሺገን ሴንትራል ቢታደስም ባቡር አልተመለሰበትም፤ አሁን የቢሮና የቴክኖሎጂ ሥራ ቦታ ነው።

መሐል ከተማው በዓይን ሲታይ ደስ ይላል። በ1805 ከተማዋ በእሳት ጋይታ ስትሠራ ዳኛ ኦገስተስ ውድዋርድ እንደ መንኮራኩር አቀዳት፤ ከመሐል ከተማው ውድዋርድ፣ ሚሺገን፣ ግራንድ ሪቨርና ግራሺየት የተባሉት ጎዳናዎች እንደ መንኮራኩር ዘንግ ይበተናሉ። ሕንፃዎቹ ታድሰዋል፣ ስታዲየሞቹ ያበራሉ፣ ምግብ ቤቱ ሰው አያጣም። ብዙ እንግዳ እዚህ ሁለት ቀን ቆይቶ «ዲትሮይት ተነሥታለች» ብሎ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ የፈረሰ ፋብሪካ ፈልጎ ፎቶግራፍ አንሥቶ «ዲትሮይት ሞታለች» ይላል። ሁለቱም ያላዩት በመካከል ያለውን ነው፤ ሕዝቡ የሚኖረውም በመካከል ነው።

ከመሐል ከተማው ወጣ እንደተባለ ኢንተርስቴት 375 የተባለ አንድ ማይል ያህል ርዝመት ያለው ፍሪዌይ አለ። ሲነዱበት አንድ ደቂቃ ነው። ከሥሩ የተቀበረው ግን ብላክ ቦተም የሚባል ሰፈር ነው። ስሙ ቀድሞ የፈረንሳይ ገበሬዎች ላረሱት ጥቁር አፈር የተሰጠ ነው ይባላል። ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሌላ ቦታ ቤት አይከራያቸውም ስለነበር የሠፈሩት እዚህ ነበር። ሄስቲንግስ በተባለው ጎዳና ሐኪሙ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የሙዚቃ ቤቱ ሁሉ የራሳቸው ነበር። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰፈሩ ፈረሰ፤ በ1964 ፍሪዌዩ ተከፈተ። ቤት ተከራይቶ ይኖር ለነበረው አብዛኛው ሰው ካሣ የሚባል ነገር አልደረሰውም። መንገዱን እንደገና ወደ ተራ ጎዳና ለመለወጥ ዕቅድ ወጥቶ ሲያከራክር ቆይቷል።

ውድዋርድን ይዞ ወደ ሰሜን መንዳት የዚህ ጉዞ ዋናው ክፍል ነው። በዚህ ጎዳና ላይ በ1909 አንድ ማይል ያህል በኮንክሪት ተነጠፈ፤ በአሜሪካ በዚህ ዓይነት ከተነጠፉት የመጀመሪያው ነው። ባለ ሦስት ቀለሙን፣ አራት አቅጣጫ የሚያሳየውን የትራፊክ መብራት በ1920 ለመጀመሪያ ጊዜ ያቆመው የዚህችው ከተማ ፖሊስ ዊልያም ፖትስ ነበር። በቀኝ በኩል የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አለ። የሜክሲኮው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በ1932 እና በ1933 የሩዥን ፋብሪካ በአራት ግድግዳ ላይ ሣለው። ከተማዋ በጁላይ 2013 በ18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ መክሰሯን ስታስታውቅ አበዳሪዎች የሙዚየሙ ሥዕሎች ይሸጡ ብለው ነበር። በጎ አድራጊ ድርጅቶችና የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ገንዘብ አዋጥተው ሥዕሎቹ ተረፉ፤ ጡረተኞቹ ግን ከጡረታቸው ተቆረጠባቸው።

ከዚህ ወደ ምዕራብ በግራንድ ቡልቫርድ ጥቂት ሲነዱ የሞታውን ሙዚቃ የተቀዳበት ቤት ይገኛል። ቤሪ ጎርዲ የሊንከን መኪና በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ሠርቷል፤ በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ኩባንያውን ሲያቋቁም፣ ዘፋኙ እንደ መኪናው ባዶውን ገብቶ ተሟልቶ የሚወጣበትን ዘዴ ከዚያው ወሰደ። ኩባንያው ራሱ በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። እሱም ሄደ ማለት ነው።

ውድዋርድ ላይ ሲቀጥሉ ሃይላንድ ፓርክ ትመጣለች፤ በዲትሮይት የተከበበች፣ ግን የራሷ ከንቲባ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ዓለምን የቀየረው ሕንፃ እዚህ ነው። ፎርድ በ1913 የሚንቀሳቀሰውን መገጣጠሚያ መሥመር የዘረጋበት ፋብሪካ ነው። ከዚያ በፊት አንድ የሞዴል ቲ አካል ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። ሥራው አሰልቺ ሆነና ሠራተኛው እየጣለ ሄደ። ስለዚህ በጃንዋሪ 1914 ፎርድ በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ አለ። ዓለም ይህን ሰምቶ ወደ ዲትሮይት ተመመ። ብዙ ሰው የማያውቀው ከአምስቱ ዶላር ጋር የተያያዘውን ነው። የኩባንያው መርማሪዎች በየሠራተኛው ቤት እየዞሩ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጥባል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ እያሉ ይመዘግቡ ነበር። ለስደተኞች የተከፈተው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን የሚያስመርቀው ደግሞ መድረክ ላይ ትልቅ ድስት አቁሞ ነበር። ሠራተኛው የአገሩን ልብስ ለብሶ ወደ ድስቱ ይገባል፤ በአሜሪካ ሱፍና ባንዲራ ይወጣል። ስለ ስደተኛ መብት የሚከራከር ሰው ይህን ሕንፃ ቆም ብሎ ቢያየው አይጎዳም። ሕንፃው በከፊል እንደቆመ ነው፤ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ከተማዋ ግን በ2011 የመብራት ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ኩባንያው ከሺህ በላይ የጎዳና መብራቶችን ነቅሎ ወሰደ። ዓለምን በመኪና ያጥለቀለቀች ከተማ በጨለማ አደረች።

ከዚህ ወደ ምሥራቅ ሃምትራምክ ነው። ፖላንዳውያን የሠሯት፣ አሁን የመናውያንና ባንግላዴሻውያን የሚበዙባት ከተማ ናት። በጎኗ በ1981 ለጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሲባል አንድ ሰፈር በሙሉ፣ ከ1,300 በላይ ቤት፣ በመንግሥት ትእዛዝ ፈርሷል። አራት ሺህ የሚበልጥ ሰው ተነሣ። በፋብሪካው ቅጥር ውስጥ አንድ የአይሁድ መካነ መቃብር ቀርቷል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለዘመድ ይከፈታል። ሥራ ይመጣል ተብሎ የተሰጠውን ያህል ሥራ አልመጣም። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲነዱ የፓካርድ ፋብሪካ ቦታ አለ። በ1903 ተከፍቶ በ1950ዎቹ የተዘጋ ነው፤ ፍርስራሹ ከግማሽ ምእት በላይ ቆሞ ከ2022 እስከ 2024 አብዛኛው ፈረሰ። አሁን የሚታየው ሜዳ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ሌላ ቦታ መፈለግ አለባቸው።

ታዲያ ምን መጣባት? በየምግብ ቤቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «በ1967 ጥቁሮቹ አቃጠሏት፣ ነጮቹ ሸሹ።» ይህ አባባል ወገኖቻችንም ሳይመረምሩ የሚደግሙት ስለሆነ ሊታረም ይገባል። የ1967ቱ ዐመፅ በጁላይ 23፣ ፖሊስ 12ኛው ጎዳና ላይ አንድ መጠጥ ቤት ሲያስስ ተነሣ፤ 43 ሰው ሞተ። ጎዳናው ዛሬ በሮዛ ፓርክስ ስም ይጠራል። ግን ከተማዋ ከዚያ አስቀድማ ነበር የምትፈስሰው። በ1950 እና በ1960 መካከል ብቻ ወደ 180,000 ሰው ቀንሳለች። የታሪክ ምሁሩ ቶማስ ሰግሩ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ከ1947 እስከ 1963 ባለው ጊዜ 134,000 የፋብሪካ ሥራ ጠፍቷል። ፋብሪካው ሰፊ መሬትና የተደራጀ ሠራተኛ የሌለበት ቦታ ፈልጎ ወጣ፤ ፍሪዌዩ ደግሞ ሠራተኛውን አስከትሎ አወጣው። የወጣው ግን ብድር የተፈቀደለት ነው።

ያልተፈቀደለት የትኛው እንደሆነ በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ 8 ማይል ጎዳና ይንዳ። ጎዳናው የከተማዋ ወሰን ነው። የዋሽንግተን ሾፌር እዚህ ግራ የሚጋባበት አንድ ነገር አለ። ወደ ግራ መታጠፍ የሚፈልግ መጋጠሚያውን አልፎ ሄዶ፣ በመሐል ባለው መለያ ዩ ዞሮ ተመልሶ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ካልሆነ ቅጣት ነው። ከጎዳናው በስተደቡብ፣ ከአንድ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ዳር፣ ስድስት ጫማ ከፍታና ግማሽ ማይል ርዝመት ያለው የሲሚንቶ ግንብ ይታያል። በ1941 የተሠራ ነው። አንድ ቤት ሠሪ ለነጮች ሰፈር ሊሠራ የመንግሥት የብድር ዋስትና ጠየቀ፤ ጥቁሮች አጠገብ ናቸው ተብሎ ተከለከለ። ግንቡን በመካከል ሲያቆም ተፈቀደለት። ዛሬ በሁለቱም በኩል የሚኖሩት ጥቁሮች ናቸው፤ በከፊል ሥዕል ተስሎበታል። ግንቡ ዝቅተኛ ነው፤ ጎረምሳ ይዘለዋል። ሰውን ያገደው ሲሚንቶው ሳይሆን ባንኩ ነበር።

አሁን ወደ ቤቶቹ። እንግዳው የሐራጅ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ውስጥ ሰፈሮች ሲገባ የሚያየው በየመንገዱ ይለያያል። አንዱ ብሎክ ላይ አሥራ አራት ቤት ቆሞ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ በረንዳው ላይ ወንበር አለ። በሚቀጥለው ሦስት ቤት ብቻ ቀርቶ የቀረው ሜዳ ሆኗል። ስለዚህ አድራሻ ብቻ አይተው የሚገዙ ሰዎች ይሞኛሉ። መንገዱን በቀን አንዴ፣ በማታ አንዴ መንዳት ያስፈልጋል። ስንት ቤት መብራት አለው? መጋረጃ የተሰቀለው ስንቱ ጋ ነው? የባዶውን ቦታ ሣር የሚያጭድ ጎረቤት አለ ወይ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ይናገራል፤ የራሱ ያልሆነውን መሬት የሚያጭድ ሰው ለመቆየት የወሰነ ነው። የጎዳና መብራት ግን እንደ ቀድሞው የሚያሳስብ አይደለም። በ2013 ከ88,000ው መብራት 40 በመቶ ያህሉ አይሠራም ነበር፤ በ2016 መጨረሻ 65,000 አዲስ መብራት ተተክሎ ከተማዋ በርታለች።

ባዶ የቆየ ቤት ውስጥ የመዳብ ቧንቧው ተነቅሎ ተሸጧል፣ ያልተነቀለውም በክረምት በረዶ ፈንድቷል ብሎ መነሣት ይሻላል። ቤቱ የሚሸጠው እንዳለ ነው፤ ሻጩ ለምንም ነገር ዋስ አይሆንም። ከካውንቲው ሐራጅ ሌላ የዲትሮይት ላንድ ባንክ የሚባለው የከተማዋ ተቋም በ1,000 ዶላር መነሻ ቤት ይሸጣል፤ ገዢው ግን በስድስት ወር ውስጥ ለመኖሪያ ብቁ ካላደረገው ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ቺካጎ ተቀምጦ በስልክ ሠራተኛ የሚያዝ ሰው በስድስት ወር ጣሪያ አይደርስም። በተጨማሪም በሚሺገን ሕግ ቤት ባለቤት ሲቀይር ለግብር የተያዘለት የዋጋ ጣሪያ ይነሣል፤ ሻጩ ይከፍል የነበረውን አይቶ ያቀደ ገዢ በሚቀጥለው ዓመት ይደነግጣል። የመኪና ኢንሹራንስም አለ። ሒሳቡ የሚሠራው በመኖሪያ አድራሻ ጭምር ስለሆነ የዲትሮይት ሾፌር ለረዥም ጊዜ ከመላው አሜሪካ ውዱን ሲከፍል ኖሯል። በ2019 የወጣው ሕግ ከ2020 ጀምሮ ዝቅተኛ ሽፋን ለመምረጥ ቢፈቅድም፣ አሁንም ውድ ነው። መኪና መያዝ ያቃተው ደግሞ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ በኦክላንድ ካውንቲ ያሉ ብዙ የዳርቻ ከተሞች እስከ 2022 ድረስ አውቶቡሱ እንዳይገባባቸው የመምረጥ መብት ነበራቸው። መኪና የሠራች ከተማ ሰው ሥራው ጋ የሚደርስበት መኪና አጣ።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። እንግዳው በዝርዝሩ ላይ ያለውን ቁጥር አግኝቶ መኪናውን ሲያቆም፣ ቤቱ ባዶ ላይሆን ይችላል። መጋረጃው ይነቃነቃል፤ በረንዳው ላይ የልጅ ብስክሌት አለ። በሐራጅ የሚወጡት ሁሉ የተተዉ ቤቶች አይደሉም፤ ባለቤቱ የሚኖርበትም አለ፣ ተከራዩ ሳያውቅ አከራዩ ግብር ያልከፈለበትም አለ። ቤቱን የገዛ ሰው ነዋሪውን ማስወጣትንም አብሮ ይገዛል። ብዙዎቹ ደግሞ ዕዳው ላይ የወደቁት በራሳቸው ጥፋት ብቻ አይደለም። የሚሺገን ሕገ መንግሥት ቤት ለግብር የሚገመትበት ዋጋ ከገበያው ዋጋ ግማሽ እንዳይበልጥ ያዛል። ከ2008 የቤት ዋጋ ውድቀት በኋላ ግን ከተማዋ ከእውነተኛው ዋጋ በላይ እየገመተች ማስከፈሏን ቀጠለች። ዲትሮይት ኒውስ ጋዜጣ በ2020 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2010 እስከ 2016 የቤት ባለቤቶች ቢያንስ 600 ሚሊዮን ዶላር አላግባብ ተጠይቀዋል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ባለቤት ከግብሩ ነፃ የሚሆንበት ሕግ ነበር፤ ማመልከት እንደሚቻል የነገረው ስላልነበረ ብዙው ሳይጠቀምበት ቤቱን አጣ። አገሩ ላይ ቤቱ ተወርሶበት የወጣ ወገን ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ማለፉ ይከብዳል።

ይህ ማለት ግን ዲትሮይት ለስደተኛ አትሆንም ማለት አይደለም። በሃምትራምክና በዲትሮይት ወሰን ላይ ባንግላታውን የሚባለውን ሰፈር በኪራይ መኪናው ቀስ ብሎ ቢነዳበት መልሱ አለ። ባንግላዴሻውያኑ ብዙ ቤት ባዶ በነበረባቸው ጎዳናዎች ላይ ቤት ገዝተው ሠፈሩ። የገዙት ግን መጥተው ሊኖሩበት ነው። አንዱ ሲገዛ ዘመዱ አጠገቡ ገዛ፤ መስጊድና ሱቅ ተከተለ፤ በየጓሮው ዱባና ቃሪያ በቆርቆሮና በገመድ ላይ ሲወጣ ይታያል። በ2024 የወጣው የቆጠራ ግምት ከተማዋ ከ1957 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ቁጥር ማደጓን አሳይቷል፤ ጭማሪው ከሁለት ሺህ ሰው በታች ነበር።

ጉዞውን ለማድረግ ለሚያስቡ፣ የዌይን ካውንቲ ሐራጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው፤ የቤቶቹ ዝርዝር ከዚያ አስቀድሞ ይወጣል። በሕጉ መሠረት የሦስት ዓመት ውዝፍ ያለበት ባለቤት ቤቱን ለማዳን ገንዘቡን የሚከፍልበት የመጨረሻ ቀን ማርች 31 ነው። ዲትሮይት ውስጥ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ከቀኑ አስቀድሞ ቢደውልለትና ለግብር ቅነሳው ማመልከቱን ቢጠይቀው መልካም ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ መታደስ አለበት።